የአመድ መኪና

ደላላው ዳምጤ ሰኞ ደወለና፣
«የዛሬው ዋጋ ነው፤ የነገን እንጃለት፤ ዛሬውኑ ና።»
ረቡዕ ደወለልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ጨምሯል፤ አልዋሽህ። ዶላር ማታ ሄደ አሉ፣
ገመዱን በጥሶ፣ ሜዳ ፈልጎ።»
ዓርብ ግን ዝም አለ።
ዝምታው ከዋጋው ይብስ ከበደኝ፤ ደረቴ ላይ ዋለ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የወፍጮ ሐኪም ነኝ፤
ጅጋ ስጨርስ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ሽንዲ፤ ኩች ደግሞ አስመሸኝ።
መኝታዬ ፉርሽካ፣ ትራሴ ጆንያ፤
አይጥ ይተራመሳል እግሬ ላይ ሌሊቱን፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
ጠዋት ስነሣ
ቅንድቤ ዱቄት ነው፤
አንድ ቀን አንድ ሕፃን አይቶኝ አለቀሰ፣
ሙት መስዬው፣ ከመቃብር የተነሣ።

ታዲያ ያን ነጭ መኪና፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማደያው ጀርባ ባየሁት ጊዜ፣
ወንበሩን በዓይኔ ነቀልኩት፤ አልጋ ዘረጋሁ፤
የመፍቻ ሣጥኔን ከሥሩ ሸጎጥኩ፤
ለቡታጋዙም ጥግ ሰጠሁት፤ ወጣልኝ ትካዜ።
አናጢው አንማው የጣውላውን ሒሳብ ነገረኝ፤
እርሱም «ለዛሬ ነው» አለ። ምስማር እንኳ ነገን አላምን አለኝ።

ወሬው ደግሞ ብዙ። አንዱ፦ «ታገሥ፤ ቀረጥ ይነሣል።»
ሌላው፦ «ቶሎ ግዛ፤ የቤንዚን መኪና ድንበር ላይ ቀርቷል፤ ያለውም ያንሳል።»
ሦስተኛው ሳቀብኝ፦ «በመብራት የሚሄድ ነው ያሁኑ ዘመን!»
እሺ፤ ኩች ላይ መብራት ሲጠፋ ሦስት ቀን፣
ወፍጮው በቆመበት፣ ማን ሊሞላኝ ነው እኔን?

ሌሊት እነሣለሁ፤ ደብተር እገልጣለሁ፤
የባሕር ዛፉን ሽያጭ፣ የእቁቡን ዕጣ፣ የወንድሜን ብድር እደምራለሁ።
ልጨርስ ስል ይነጋል፤
ሲነጋ ዋጋው ሌላ ነው፤
ድምሩ ሞኝ ሆኖ እዚያው ማታው ላይ ተቀምጦ ይቀራል።
ሰው መኪና ገዛ ይባላል፤
እኔን ግን መኪናው፣ ገና ሳልገዛው፣ ይኸው ይገዛኛል።

የሻረግ ዝም ብላ ስታየኝ ከርማ፣
ትናንት ማታ ጠየቀች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ በደከመ ዜማ፦
«የአልጋው ስንት ነው ወርዱ?»
«ሰባ ሳንቲ» አልኳት፤ «ይበቃል ለአንዱ።»
«ለአንዱ» አለች። ሌላ አልጨመረች።
ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ይህን ሁሉ ሳምንት የሩቁን ዋጋ ስጠይቅ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ማን ብቻውን እንዳደረ፣
እኔ ወይስ እሷ፣ ያንን እንኳ ሳላውቅ።

ዛሬ ጠዋት አመድ ዘግኜ ወጣሁ ከግቢው መሐል፤
መሬት ላይ ሣልኩት፦ መሪው እዚህ፣ በሩ እዚያ፣ ይኼ መስኮት ይሆናል።
«ነይ» አልኳት። ነጠላዋን ሰብስባ በበሩ ገባች፤ መስመሩን አልረገጠችም።
ጎን ለጎን ተኛን። ክርኗ ወጋኝ።
«ጠባብ ነው» አለች፤ «ግን አይከፋም።»
አንዲት ቄብ ዶሮ በግድግዳው በኩል ገባች፣ ሳታንኳኳ እንኳ፤
መሪው ላይ ቆማ ጫረች፣ ነዳጁን ልትለካ።

«የት እንሂድ?» አልኳት። ዘንገና ትላለች ብዬ ነበር፣ ሐይቁ ዳር።
«ሽንዲ» አለች፤ «ስንት ዓመት በስሙ ብቻ አውቀዋለሁ፤
ያቺን አይጥህን ላያት እፈልጋለሁ።»

ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ። ዳምጤ ነው።
ሆዴ ላይ አስቀመጥኩት፤ እንደ ጥንዚዛ ይንቀጠቀጣል።
ወርዶ ይሆን? ወጥቶ?
የሻረግ እጇን ዘርግታ
ወርዱን ትለካለች፣ ለሁለት ሰው፣ በስንዝር፣ በጸጥታ።
ከብር ማዶ ደመና ይመጣል፤ አመዱን ሊያጥበው።
ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ይጩኽ።
እሷ ሦስተኛው ስንዝር ላይ ናት፤ ገና አልጨረሰችው።